ባለቆጣሪውን የጠራው ዘፈን

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ዓለም ገና ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነው። መብራት የለም። የላፕቶፔ ባትሪ ሊያልቅ ነው፣ ትዕግሥቴም እንደዚያው።

ሕዝቅያስ ደወለ። የፊልማችን ዳይሬክተር ነው፣ ቡራዩ ይኖራል። ድሮ ሲደውል «እንዴት ዋልሽ ሚንሃ» ይል ነበር፤ አሁን ሰላምታው «ዘፈኑስ?» ሆኗል። ቀረጻው አልቋል፣ ለመስከረም ሰበታ አዳራሽ ተይዟል፣ «የቀረው ድምፅ ብቻ ነው» ይላል። ብቻ! ድምፅ «ብቻ» የሚል ዳይሬክተር ፊልሙን ድምፁን አጥፍቶ ይየውና ያውራኝ።

ድምፅ ማለት እኔ ነኝ። ዘፈን መራጭም፣ ቀጂም፣ ቆራጭም፣ ተሰዳቢም።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንደኛው ለመጨረሻው ድብድብ የሚሆን ዘፈን ነው። ሁለተኛውን ዛሬ አልጽፈውም።

ሐምሌ 1

ያኔት አባቴ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ መጣች። ሰበታ ሆቴል ውስጥ የምትዘፍነው ጓደኛዬ ናት፤ ዘፈኑ ሲገኝ የምትዘፍነው እሷ ስለሆነች ታሪኩን ንገሪኝ አለች። አባ መጋዘን ገብቶ ስለነበር ነገርኳት።

«ባለቆጣሪው የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው» አልኳት። «ትራንስፎርመር ይመታዋል፣ ሳይሞት ይቀራል። ከዚያ ወዲህ ጉልበት የሚያገኘው ከሰፈሩ መብራት ነው። ሰው ሊያድን በተነሣ ቁጥር ሰፈሩ ድርግም ይላል።»

«ታዲያ ያዳናቸው ሰዎች አያመሰግኑትም?»

«ይረግሙታል እንጂ! እሱ ከሌባ ያስጥላቸዋል፣ እነሱ ‹ማነው መብራቱን ያጠፋው› ይላሉ።»

እስክትንፈራፈር ሳቀች። «ውይ፣ ምስኪን!»

ምስኪን ነው። መጨረሻ ላይ ቡራዩ መውጫ ላይ የኬብል ሌቦቹን ብቻውን ያሸንፍና ጨለማ ውስጥ አስፋልት ዳር ይቀመጣል። የሰፈሩ በር ሁሉ ተዘግቶበታል። ዘፈኑ ከድብድቡ መሃል ተነሥቶ እስከዚህ ድረስ ይሄዳል።

«በቃ የሚያሳዝን ነገር አድርጊበት» አለች ያኔት።

በፍጹም። ይሄን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ አስቤበታለሁ። የውጪዎቹ የጀግና ፊልሞች ላይ ሰውዬው ጥርሱን ነክሶ ሲደባደብ ከጀርባው የሚሰማው እናትና አባቶቻቸው የጨፈሩበት የድሮ ዘፈን ነው። እኛ እነዚያን ፊልሞች የምናያቸው በአማርኛ ተተርከው ነበር፣ አባ ሱቁ በር ላይ በሚሰቅለው ቴሌቪዥን። ተራኪው ዘፈኑ ገና ሲጀምር በላዩ ላይ ይመጣና «እዚህ ጋ ዘፈን ነው፤ ጀግናችን እየተደባደበ ነው» ብሎ ያወራበታል። ምን ያህል እናደድ ነበር! እኔና የህያ ከተራኪው ድምፅ ሥር ዘፈኑን ለመስማት ጆሯችንን ስፒከሩ ላይ እንለጥፍ ነበር። ከዚያ ጓሮ ሄደን እሱ ድብድቡን ይሠራል፣ እኔ ዘፈኑን በአፌ። ቃሉን የት አውቄው፤ የሰማሁትን እለፈልፍለታለሁ።

የህያ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከባለቆጣሪው ጭንብል ሥር ያለው እሱ ነው። ከአረፋ ወዲህ ቤት የለም።

ሱቅ ከመዝጋቴ በፊት ኮምፒውተሩን ስጎረጉር «የድሮ ሠርግ» ከሚል ማኅደር ውስጥ አንድ ዘፈን አገኘሁ። «ገሊ ማሎ» ይላል፣ ሎሚ የምትባል የሱሉልታ ዘፋኝ። ኪቦርዱ ርካሽ ነው፤ ከበሮው ግን ቁጭ አያስብልም። ድብድቡ ላይ ለጥፌ አየሁት። ብቻዬን ሱቅ ውስጥ ቆሜ ጨፈርኩ።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ሱሉልታ ሄጄ መጣሁ። እንጦጦን እንደተሻገርን ጉም ነው፤ ሯጮቹ ከጉሙ ብቅ ይላሉ፣ ተመልሰው ይጠፋሉ።

አዴ ሎሚን፣ ወይዘሮ ሎሚን ማለት ነው፣ ለማግኘት አልተቸገርኩም። ሱሉልታ ውስጥ ሠርጉ ላይ ያልዘፈኑለት ሰው ያለ አይመስልም። አሁን ሻሽ አስረው የተከራዮቻቸውን ልጆች የሚቆጡ ሴትዮ ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ጭቃ በጭቃ ሆነሻል፤ ግቢ» አሉኝ።

በኦሮምኛ ሰላምታ አቀረብኩ፤ ስለ ዝናቡም፣ ስለ መንገዱም፣ ስለ ጤናቸውም በኦሮምኛ። ዓለም ገና ሱቅ ውስጥ ያደገ ሰው ኦሮምኛ አያቅተውም። ሰምተው ሰምተው ሳቁብኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ኦሮምኛሽ የሱቅ ነው።»

ልጄ ማለታቸው ነው። እኔም ሳቅሁና «ደንበኛ አጥቶ የማያውቅ ኦሮምኛ ነው» አልኳቸው።

ዘፈኑን ወደ አማርኛ አዙረን ፊልም ላይ ልናደርገው እንደምንፈልግ ነገርኳቸው። ስለ ባለቆጣሪው ሁሉንም አወራሁ። አዳመጡና፣ «ሰውዬው መጨረሻ ላይ ይገባል?» አሉኝ።

«የት ነው የሚገባው?»

ትንሽ አዩኝ። «ይሁን፣ ውሰጂው» አሉ። ለምን እንደጠየቁኝ አልገባኝም፤ ደስታዬ ብሶብኝ አልጠየቅኳቸውም።

ስመለስ መንገዱ ዳር አንድ ረዳት «ጫንጮ! ጫንጮ አንድ ሰው!» ይላል። ጎረቤታችን ሰላሃዲን ባለፈው ለንግድ ሄዶ የህያን ጫንጮ አይቶታል፤ የወተት መኪና ላይ እየሠራ ነው አለኝ። ረዳቱ ቆሜ ሲያየኝ «እህት፣ ትገቢያለሽ?» አለ። ዝናቡ ከበደ። ጫማዬም ለጭቃ የሚሆን አልነበረም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን ያዝኩ።

ሐምሌ 9

ተረጎምኩት! «ገሊ» ማለት ግቢ። መጨረሻው «ኢ» ነው፤ እንደ ግቢ፣ እንደ ጠጪ፣ እንደ ተቀመጪ። ለሴት ነው ማለት ነው። «በልበሊ በናዳ»፣ በሩ ክፍት ነው። «ማሎ» እባክሽ።

ነይ ግቢ፣ በሩ ክፍት ነው፣
ጠፋሽ ብሎ ሚቆጣሽ ማን ነው?

ባለቆጣሪው ለሚወዳት ልጅ የሚልላት ይሆናል። ፊልሙ ውስጥ ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ አለች፣ ሁለት ጊዜ ብቅ ትላለች። ሕዝቅያስ ሰምቶ «በቃ ሂት ነው» አለ። ያኔት ዛሬ ቡራዩ ስቱዲዮ ገብታ ዘፈነችው። መሃል ላይ መብራት ሄደ። «ባለቆጣሪው መጣ» ተባባልን።

ጎበዝ ነኝ። አንዳንዴ ራስን ማመስገን ነውር አይደለም።

ሐምሌ 16፣ ማታ

ያ ሁለተኛው ነገር መጣ።

የህያ ጭንብል ውስጥ ሆኖ የተናገረው ሁሉ ታፍኗል። ስቱዲዮ ገብቶ እንደገና ሊናገረው ነበር ዕቅዱ። አሁን ስልኩ ዝግ ነው። «ሌላ ልጅ ይናገርለት» ይላል ሕዝቅያስ። «ጭንብል ነው፣ ማን ያውቃል?» እውነቱን ነው። ማንም አያውቅም። «ቆይ፣ ጩኸት እያጸዳሁ ነው» አልኩት።

የማጸዳው ነገር የለም። እየሰማሁት ነው። ከድብድቡ በኋላ አስፋልቱ ዳር ቁጭ ይልና ትንፋሹን ሰብስቦ «ደህና ነኝ። መብራቱን አብሩት» ይላል። ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞት ስለነበር አፍንጫው ተደፍኗል። አይ ጀግና!

የመጨረሻው የቀረጻ ቀን አረፋ ላይ ዋለ። «ከምሳ በፊት እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ቤቱ በአባ ነጋዴ ወዳጆች ተሞላ፣ ምግቡ ቀረበ፣ የአባ ዓይን ግን በሩ ላይ ነው። የህያ የደረሰው ከአስር ሶላት በኋላ ነው። ያንን ሰማያዊ ልብስ እንደለበሰ፣ ደረቱ ላይ የቆጣሪ ቁጥር እንደተሣለ፣ ጭንብሉን በእጁ ይዞ። ልብስ ልቀይር ካልኩ ይበልጥ እዘገያለሁ ብሎ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። አንዱ እንግዳ ሳቀ። ያ ሳቅ ባይኖር ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

አባ ከተቀመጠበት ሳይነሣ «ይሄን ለብሰህ እንዳትገባ» አለው።

የህያ ደጃፉ ላይ ቆመ። «እሺ። አልገባም» አለ።

እኔ የጁስ ትሪ ይዤ መሃላቸው ነበርኩ። ትሪውን ለእንግዶቹ አዞርኩ።

አባ ክፉ ሰው አይደለም። ማንም ባያነበውም እዚህ ይጻፍ። እማ ያን ቀን ዕቃ እያጠበች ቀስ ብላ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለች። ከዚያ ወዲህ የግቢውን በር መቀርቀር ትረሳለች። አባ «ሌባ ይግባብን?» እያለ ይነጫነጫል፤ ራሱ ግን ተነሥቶ አይቀረቅረውም።

ሐምሌ 24

የፊልሙን ቅንጫቢ ከነዘፈኑ ቲክቶክ ላይ ለቀቅነው። ጉድ ነው! ባጃጁ ሁሉ «ነይ ግቢ»ን ከፍቶ ነው የሚሄደው። የትምህርት ቤት በር ላይ ጎረምሶች ለሴት ልጅ ይዘፍኑታል። ዛሬ አንዱ ባለባጃጅ ለሴት ተሳፋሪ በሩን ከፍቶ «ነይ ግቢ፣ በሩ ክፍት ነው» ሲላት ሰማሁ። እሷም «በሩማ የለውም» አለችው። እውነቷን ነው፣ ሸራ ነው።

አንዱ ባጃጅ ዘፈኑን ከፍቶ ከሱቁ ፊት ሲያልፍ አባ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ፣ «አሁን ይሄ ምኑ ዘፈን ነው? ጎረምሳው ሁሉ ሴት ይጠራል» አለ።

የማን ፊልም እንደሆነ ያውቃል። እኔም እንደምሠራበት ያውቃል። ስለ ፊልሙ ሲነሣ «የዚያ ሰውዬ ነገር» ይላል እንጂ የህያን በስሙ አይጠራውም። ያ ሰውዬ! በሁለት ዓመቱ ትከሻው ላይ ጭኖት ሱቅ ይዞት ይመጣ የነበረው ልጅ።

ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል። ደስ ብሎኛል። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ነሐሴ 3

ስልክ። የማላውቀው ቁጥር።

«ሚንሃ ነሽ? ሎሚ ነኝ፣ ከሱሉልታ።»

«አካም ጅርቱ አዴ! ሰሙት ዘፈኑን?»

«ታክሲ ውስጥ ሰማሁት። ማንን ነው የጠራችሁት?»

«እ?»

«ነይ፣ ነይ ትላለች ልጅቷ። ማን ናት?»

ይህን ጠይቀው ዘጉት። ነገ እሄዳለሁ።

ነሐሴ 4፣ ማታ

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

«ገሊ ለሴትም ገሊ ነው፣ ለወንድም ገሊ ነው» አሉኝ። «የኛ ቋንቋ ሰው ሲጠራ ወንድ ሴት ብሎ አይለይም። የለየሽው አንቺ ነሽ።»

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ኦሮምኛ እችላለሁ ባይዋ! ያደግሁት በ«ሜቃ» እና በ«ኮቱ» ነው፤ ዋጋ መጠየቅና ና ተመልከት ማለት ከቻልኩ ቋንቋውን የጨረስኩ መስሎኝ። ወንዱንም ሴቷንም ስንት ጊዜ «ኮቱ» ብዬ ሱቅ ጠርቼ፣ አንድ ቃል ለሁለቱም እንደሚሆን እየተናገርኩት አላስተዋልኩም። የ«ገሊ»ን «ኢ» ስሰማ የአማርኛ ጆሮዬ ሴት አደረጋት፣ እኔም አመንኩት። ምናለ አንድ ቃል ብጠይቃቸው ኖሮ? ያን ቀን «ሰውዬው ይገባል?» ሲሉኝ እየነገሩኝ ነበር እኮ!

«ታዲያ ማንን ነበር የጠሩት?» አልኳቸው።

«ኦቦሌሳ ኮ ነው። ታላቅ ወንድሜ። ከአባቴ ጋር በከብት ተጣሉና ከቤት ወጣ። እህታችን ስትዳር መጣ። መጣ ግን አልገባም፤ አጥር ሥር ቆመ። አባቴ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ ያየዋል። እሱም አባቴን ያየዋል። አባቴ ግባ አይለው፣ እሱ አይገባ። እናቴ ወጥ ቤት ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ ዘፋኟ ነኝ፤ ሰው ይጠብቀኛል። ሠርግ ላይ አይለቀስማ! ስለዚህ በጭፈራ ጠራሁት።»

እዚያው የፈጠሩት ዘፈን ነው። ሠርገኛው ወሬውን ስለሚያውቅ ወዲያው ገባውና ተቀበላቸው። ድንኳኑ በሙሉ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ «ገሊ ማሎ» ሲል፣ «ምን ያድርግ? ገባ» አሉኝ።

«አባትዎስ?»

«አባቴማ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስር ነበር።» መሳቅ ጀመሩ። «ጫማው እኮ ማሰሪያ የለውም!»

እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳላስበው አለቀስኩ። ዘፈኑ አሳዝኖኝ ነው አልኳቸው። ሻሻቸውን አስተካከሉና «ወንድም አለሽ?» አሉኝ።

«አለኝ።»

«የት ነው?»

«ቅርብ ነው።»

ከዚህ በላይ አልጠየቁኝም። ስወጣ ብቻ፣ «አጥር ሥር ያለው ሰው ነይ ሲባል ቢሰማ፣ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስለዋል» አሉኝ።

ታክሲ ውስጥ እያሰብኩ መጣሁ። እነዚያ ፊልሞች ድብድብ ላይ የጭፈራ ዘፈን የሚያደርጉት ለጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ጀግናው በአፉ የማይለው ነገር አለ፤ ቤቱ ያሉትም የማይሉት አለ። ዘፈኑ በጭፈራ ይልላቸዋል፣ ማንም አያፍርበትም። ይሄን ለማወቅ ይሄን ሁሉ ዘመን ስፒከር ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ኖሬ፣ አንድ የሠርግ ዘፋኝ በአንድ ከሰዓት ነገሩኝ።

የህያን ሳስብ ነው ያንን ዘፈን የመረጥኩት። እኔው መርጬው፣ እኔው ለፋርማሲስቷ ሰጠሁት።

ነሐሴ 6

ቡራዩ። ከሕዝቅያስ ጋር ተጣላሁ።

«አብደሻል? ሕዝቡ እኮ ‹ነይ›ን ነው የወደደው! ሳይቸግር ጤፍ ብድር!»

«ፊልሙ ውስጥ ውጪ የቀረው ማነው?» አልኩት።

«ባለቆጣሪው።»

«ታዲያ ማነው ግባ መባል ያለበት? ፋርማሲስቷማ ቤቷ ገብታ ተኝታለች!»

ሊስቅ አልፈለገም ነበር፣ ሳቀ። ምስሉን ከፈትንና ዘፈኑን በወንድ እያልኩለት አየው። ያው ምስል ነው፣ አንድም ነገር አልተቀየረም፤ ነገር ግን እነዚያ የተዘጉ በሮች በሙሉ የሚናገሩ መሰሉ። ልጁ አስፋልት ዳር ተቀምጧል፣ ከየቤቱ ውስጥ ና ግባ ይሉታል። ሕዝቅያስ «እንደዚህ ነበር እንዴ የጻፍኩት?» አለ። የጻፈውስ እንደዚያ አልነበረም።

ያኔት ነገ ትገባለች። ነይ ና፣ ግቢ ግባ፣ ጠፋሽ ጠፋህ። ዜማው አይነካም።

ነሐሴ 11

አለቀ። ያኔት በዚህኛው ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረችው፣ ማንም ሳይነግራት።

የህያንም ድምፅ አልቀየርኩትም። ሕዝቅያስ «የወንድምሽ ስለሆነ ነው?» አለኝ። «አፍንጫው የተደፈነ ጀግና ስለሆነ ነው» አልኩት። ዘፈኑ ጋብ ይልና «ደህና ነኝ። መብራቱን አብሩት» ይላል፣ ከዚያ ከበሮው ይመለሳል። ታፍኗል፣ አዎ። ጭንብል ውስጥ ነዋ!

ነሐሴ 15

አዲሱን ለቀቅነው። ግማሹ ተሳደበ። «ነይን መልሱልን»፣ «ወንድ ለወንድ ምንድን ነው» እና የመሳሰለው። ከዚያ አንዷ «ይሄን ለወንድሜ ላኩለት» ብላ ጻፈች። ከሥሯ ሌላው፣ «እኔም ለልጄ።» ሌላም መጣ። ማንበብ አቃተኝና ዘጋሁት።

አዴ ሎሚ ደወሉ። «አሁን ተጠራ» ብለው ዘጉት። እኚህ ሴትዮ ስልክ ላይ ቻው አያውቁም።

ነሐሴ 20

አንድ ሰውዬ ስፒከር ሊገዛ መጣ። አባ ስፒከር የሚፈትሸው ሁልጊዜ በመንዙማ ነው፤ ዛሬ ስልኩን አወጣና የኛን ቅንጫቢ ለቀቀው። ከየት እንዳገኘው አላውቅም። እስከ «ደህና ነኝ። መብራቱን አብሩት» ድረስ ጠበቀና አጠፋው።

«ባሱ ጥሩ ነው» አለ።

«ሙሉውን አጫውተው እንጂ» አለ ገዢው።

«ተሰማ እኮ፣ በቃ።»

ሰውዬው ገዝቶ ሄደ። አባ ሁለተኛ ስፒከር አወረደና በዚያም ለቀቀው። ከዚያ በትንሿ ሬዲዮ፣ ለሽያጭ እንኳ ባልሆነችው። እኔ ገመድ እየጠቀለልኩ አቀረቀርኩ። ስፒከር ነው የሚፈትሸው፣ ምን አገባኝ።

ሱቅ ስንዘጋ ፊቱን ወደ መዝጊያው አድርጎ፣ «ጉንፋን ይዞት ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ማንን?» አልኩት። ክፋቴ!

ቁልፉን አዙሮ ጨረሰ። «ስፒከሩን» አለና ቀድሞኝ ሄደ።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

አሁን ነው የገባነው፤ ልብሴ ገና አልደረቀም፤ ሳልጽፈው ግን አልተኛም።

ጠዋት አባ ሱቁን አልከፈተም። ሻዩን እያማሰለ «የጫንጮ መንገድ በዝናብ ያስኬዳል?» አለ። ለማን እንደጠየቀ አይታወቅም፤ የህያ የት እንዳለ ሰላሃዲን ነግሮት ይሆናል።

«አስፋልት ነው አባ» አልኩት።

«እንግዲያው ተነሺ።»

እማ የህያን ወፍራም ጃኬት ይዛ መጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። እሷ አልሄደችም። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት ልጠብቅ» አለች።

በአባ መኪና እንጦጦን ስንሻገር፣ ሱሉልታን ስናልፍ አባ ስለ ነዳጅና ስለ ጎማ ብቻ ነው ያወራው። እኔ ዘፈኑን በፍላሽ ይዤዋለሁ። ጫንጮ ስንደርስ የመኪናውን መስኮት ከፍቼ እስከ መጨረሻው ድምፅ ልለቀው አስቤአለሁ። በጭፈራ እንጠራዋለን፤ አባ ምንም ማለት አይጠበቅበትም። ወተት መሰብሰቢያው በር ላይ ስንቆም ፍላሹን ሰካሁና ለቀቅኩት። ያኔት ገና «ና ግባ» ከማለቷ አባ እጁን ሰደደ።

«አጥፊው» አለ። «ይሄ ሠርግ አይደለም።»

ጃንጥላውን ሳይዝ ወረደ። ዝናቡ ያጥበዋል፤ ያ ለጁምዓ ብቻ የሚለብሰው ኮት! በሩ ጋ ቆሞ አንኳኳ። የጎማ ቦት ጫማ ያደረገ ልጅ ወጥቶ አየውና ተመልሶ ገባ። ቆይቶ የህያ ወጣ። ከስቷል። ጢሙን አሳድጓል። አባን ሲያይ ባለበት ቆመ፣ እንደዚያ ቀን ደጃፉ ላይ እንደቆመው። አባም ቆመ። በመሃላቸው ጭቃና ባዶ የወተት ጣሳዎች ናቸው።

መስኮቱን እስከ ታች አወረድኩት። ዝናቡ በመኪናው ጣራ ላይ ይወርዳል። አባ ተናገረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ አጭር ነገር ነው፣ አንድ ቃል ቢሆን ነው። ክረምቱን ሙሉ ትንፋሽ ስለቅም የከረምኩት ሴትዮ፣ ያቺን አንዷን ቃል አልሰማኋትም። የህያ ግን ሰማት። እጁን ፊቱ ላይ አደረገና መራመድ ጀመረ።

ጃኬቱን ይዤ ልወርድ ስል አባ ቀድሞኝ ደረሰና የኔን በር ከፈተ። ከቅንድቡ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ዓይኑን ዓይኔ ውስጥ አላደረገም።

«ወደ ኋላ ሂጂ» አለኝ። «ወንድምሽ ከፊት ይቀመጣል።»

ወንድምሽ አለ። ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ትቼለት ወደ ኋላ ሄድኩ።